የአሜሪካው የኬሚካል አደጋ መርማሪ ቦርድ ቪዲዮዎችና ሪፖርቶች፦ ለፋብሪካ ሠራተኛ ምን ያህል ይበጃሉ?

አደገኛ ኬሚካልና ከፍተኛ ግፊት ያለባቸው መሣሪያዎች በሚገኙበት ፋብሪካ የደኅንነት ሥልጠና የሚሰጥ ሰው አብዝቶ የሚቸገረው፣ አደጋ እንዴት እንደሚጀምር ከሥሩ የሚያሳይ እውነተኛ ታሪክ በማጣት ነው። የራሱን ጉድ በአደባባይ የሚተርክ ድርጅት ጥቂት ስለሆነ፣ ብዙው ሥልጠና ጓንትና መነጽር ከማስታወስ አያልፍም። የአሜሪካ የኬሚካል ደኅንነትና የአደጋ ምርመራ ቦርድ በነጻ የሚያቀርባቸው የምርመራ ሪፖርቶችና የአኒሜሽን ቪዲዮዎች ይህን ክፍተት ከሚሞሉት ሁሉ የላቁ ናቸው ብዬ አምናለሁ። ጉድለት ግን አያጡም፤ እሱንም አነሣለሁ።

ቦርዱ የተቋቋመው በ1990 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በተሻሻለው የአገሪቱ የንጹሕ አየር ሕግ ሲሆን፣ ሥራ የጀመረው በ1998 ነው፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። ቅጣት አይጥልም፣ ፈቃድ አይሰጥም፣ አይነጥቅምም፤ ይመረምራል፣ ያሳትማል፣ ምክረ ሐሳብ ይሰጣል። የምርመራው መደምደሚያ በካሳ ክስ ላይ ማስረጃ ሆኖ እንዳይቀርብ ሕጉ መከልከሉ ተራ ዝርዝር ይመስላል፤ በእኔ ግምት ግን የሥራው ጥራት በአብዛኛው የሚመነጨው ከዚሁ ነው። ማን ይከሰስ፣ ማን ይክፈል ከሚለው ጣጣ የተላቀቀ መርማሪ «ኦፕሬተሩ ተሳሳተ» ብሎ ፋይሉን አይዘጋም፤ ስሕተቱ ለመፈጸም ለምን ቀላል ሆነ ብሎ ለመጠየቅ ጊዜም ነጻነትም ያገኛል።

የዚህ አጠያየቅ ጥሩ ማሳያ በሰኔ 2008 በሂውስተን በሚገኘው የጉድይር ሰው ሠራሽ ጎማ ፋብሪካ የደረሰው ፍንዳታ ነው። በፋብሪካው በቧንቧ የሚያልፈውን ምርት በአሞኒያ የሚያቀዘቅዝ አንድ የሙቀት መለዋወጫ ነበር፤ ግፊት ሲበዛ ተቀድዶ የሚያስተነፍሰው ስስ ዲስክ መቀየር ስለነበረበት፣ መለዋወጫውን ትርፍ ግፊት ከሚያስወጣው ሴፍቲ ቫልቭ ጋር የሚያገናኘው መስመር በመዝጊያ ቫልቭ ተዘጋ። ዲስኩ በዚያው ቀን ተቀየረ፤ መዝጊያው ግን ሳይከፈት አደረ። በማግስቱ ጠዋት አንድ ኦፕሬተር የምርቱን ቧንቧ በእንፋሎት ለማጽዳት ሲነሣ፣ መለዋወጫውን ከግፊት መቆጣጠሪያው የሚያገናኘውን ሌላውን መስመርም ዘጋው። እንፋሎቱ አሞኒያውን እያሞቀው ሄደ፤ ማምለጫ ያጣው አሞኒያም ግፊቱ እየናረ መለዋወጫውን አፈነዳው። እያንዳንዱ እርምጃ ለብቻው ሲታይ የዕለት ተዕለት ሥራ ነው፤ ቪዲዮው የሚደነቀውም እነዚህን ተራ እርምጃዎች በቅደም ተከተላቸው እያሳየ ተመልካቹ ውጤቱን አስቀድሞ እንዲገምት ስለሚያደርገው ነው። በአደጋው የአንድ ሠራተኛ ሕይወት ጠፍቷል፤ ሁሉም ሰው ከግቢው ወጥቷል ተብሎ ታምኖ ስለነበር አስከሬኑ የተገኘው ከብዙ ሰዓታት በኋላ ነው። የሠራተኛ ቆጠራን እንደ ሥርዓት ማሟያ ለሚቆጥሩ ኃላፊዎች ይህን ክፍል ብቻ ለይቶ ማሳየት ይበቃል።

በ2013 በሉዊዚያና ግዛት በጋይስማር በሚገኘው የዊሊያምስ ፋብሪካ ሁለት ሰዎች የሞቱበት ፍንዳታም የዚሁ ወንድም ነው። ለመጠባበቂያ የተቀመጠ የማሞቂያ ዕቃ ውስጥ ፈሳሽ ፕሮፔን ነበር፤ ዕቃው ከሴፍቲ ቫልቩ በተዘጋ ቫልቭ ተለይቶ ሳለ ሙቅ ውኃ ተለቀቀበት። ሁለቱን ታሪኮች አከታትሎ ያየ የጥገና ባለሙያ ወደ ሥራው ሲመለስ፣ ሴፍቲ ቫልቭ አለ ወይ ብሎ ብቻ አይጠይቅም፤ በቫልቩና ቫልቩ በሚጠብቀው ዕቃ መካከል ምን እንዳለ፣ ያ ነገር ዛሬ ክፍት መሆኑንም ማን በዓይኑ እንዳየ ይጠይቃል። ይህን አንድ ልማድ ያተረፈ ሥልጠና በቂ ሥራ ሠርቷል።

የአኒሜሽኑ ጥራት ከፍተኛ ነው። የቧንቧው ግድግዳ ተገልጦ ፈሳሹ ሲሄድ፣ ሲሞቅና ሲጠራቀም ይታያል፤ ተራኪው ድምፁን ሳያጋንን ይናገራል፤ መርማሪዎቹም እየገቡ ያብራራሉ። የምነቅፈው ፍንዳታው ራሱ በጣም ማራኪ ሆኖ መቅረቡን ነው፤ ሠልጣኙ እሳቱን አስታውሶ ቫልቩን ይረሳል። ስለዚህ አሠልጣኙ ፍንዳታው ከመድረሱ በፊት ቪዲዮውን አቁሞ «እናንተ ብትሆኑ አሁን ምን ትፈትሹ ነበር?» ብሎ ቢጠይቅ ይመረጣል።

ብዙዎቹ ምርመራዎች በነዳጅ ማጣሪያዎችና በትላልቅ የኬሚካል ፋብሪካዎች ላይ ያተኮሩ መሆናቸው አነስተኛ ፋብሪካ ያለውን ሰው «ይህ እኛን አይመለከትም» ሊያሰኘው ይችላል። እንዲህ ለሚል ሰው በሚያዝያ 2017 በሴንት ሉዊስ በአንድ የካርቶን ፋብሪካ የደረሰውን አሳዩት። የፈነዳው ከእንፋሎት መስመር የሚመለሰውን ሙቅ ውኃ የሚያጠራቅም ታንክ ነው። የታንኩ ወለል በዝገት ሳስቶ ነበር፤ በ2012 በተደረገለት ጥገናም ከሳሳው ብረት ከፊሉ ሳይነሣ ቀርቷል። ዓርብ ዕለት ታንኩ ማፍሰሱ ታየ፤ ጠጋኝ ተጠርቶ ለሰኞ ተቀጠረ፤ ሰኞ ጠዋት ግን ሥርዓቱ እንደወትሮው ሥራ ጀመረ። በግፊት ታፍኖ ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሞቀ ውኃ ግፊቱ በድንገት ሲለቀው ከፊሉ በቅጽበት እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ ከተነሣበት ውኃ ከ1,600 ጊዜ በላይ ቦታ ይፈልጋል። ታንኩ ጣሪያ በስቶ ወጥቶ ወደ 160 ሜትር ገደማ ርቆ በሌላ ድርጅት ላይ ወደቀ፤ ከሞቱት አራት ሰዎች ሦስቱ የካርቶን ፋብሪካው ሠራተኞች አልነበሩም። ጠብ ጠብ የሚል የግፊት ዕቃ «እስከ ቀጠሮው ይሥራ» መባል እንደሌለበት ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ነገር አላውቅም።

ኬሚካል ለሚረከቡ ሰዎች ደግሞ በጥቅምት 2016 በካንሳስ ግዛት በአቺሰን ከተማ የደረሰው ይቅደም። ሰልፈሪክ አሲድ የጫነ መኪና ቱቦ ከአሲዱ ታንክ መሙያ ጋር መገናኘት ሲገባው ከሶዲየም ሃይፖክሎራይት (የበረኪና ኬሚካል) መሙያ ጋር ተገናኘ፤ ሁለቱ ሲቀላቀሉ ክሎሪን ጋዝ ያለበት ደመና ወጥቶ ከ140 የሚበልጡ ሰዎች ሕክምና ፈለጉ። መሙያዎቹ ተመሳሳይ ነበሩ፤ በመካከላቸው የነበረው ርቀት 46 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ሪፖርቱ ጥፋቱን በሾፌሩና በተረካቢው ላይ ደፍድፎ አይሄድም፤ አፋቸው የማይገጥም መያያዣዎችን መጠቀም፣ መሙያዎቹን ማራራቅና ምልክት ማድረግ፣ ፍሰቱን ከሩቅ ሆኖ የሚያቆም መዝጊያ መትከል ስሕተቱን እንዴት እንደሚከላከል ወይም እንደሚያሳጥር ያሳያል። ይህ በብዙ ፋብሪካዎች በትንሽ ወጪ ሊሠራ የሚችል ነው።

አሁን ወደ ጉድለቶቹ። ሪፖርቶቹ ይዘገያሉ፤ የጋይስማሩ የወጣው አደጋው ከደረሰ ከሦስት ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ትረካው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ቋንቋውን ለማያውቅ ሠራተኛ አሠልጣኙ እያቆመ መተርጎም አለበት። ግፊት የሚለካው በፒኤስአይ፣ ሙቀት ደግሞ በፋረንሃይት ነው፤ 14.5 ፒኤስአይ አንድ ባር ያህል መሆኑን ሰሌዳው ላይ ጽፎ መጀመር ይጠቅማል። ለምሳሌ በ2007 በጃክሰንቪል ከተማ አራት ሰዎችን በገደለው የቲቱ ላቦራቶሪስ ፍንዳታ የሪአክተሩ (ኬሚካሎቹ የሚዋሐዱበት ዕቃ) ማስተንፈሻ ዲስክ እንዲቀደድ የተሠራው በ400 ፒኤስአይ ነው ሲባል፣ ወደ 28 ባር መሆኑን ያላሰላ ተመልካች ነገሩ ያልፈዋል፤ ማቀዝቀዣው ሲበላሽ ከቁጥጥር ውጭ ለወጣው ኬሚካዊ ሙቀት ይህ ልክ እጅግ ዘግይቶ የሚከፈት በር ነበር። ከዚህ ሌላ፣ ዐይን ውስጥ ኮስቲክ ሶዳ ሲረጭ ምን እንደሚደረግ የመሰለውን የዘወትር ጉዳት ከእነዚህ ቪዲዮዎች አትጠብቁ፤ ለዚያ የኬሚካሉ የደኅንነት መረጃ ሰነድና የራሳችሁ ልምምድ ያስፈልጋሉ። ምክረ ሐሳቦቹም አስገዳጅ አይደሉም፤ የሚሠሩት ኃላፊው ሲቀበላቸው ብቻ ነው።

ለመጀመር የሚፈልግ ሰው ቦይለር ካለው ከሴንት ሉዊሱ፣ ኬሚካል በመኪና የሚረከብ ከሆነ ከአቺሰኑ ይነሣ፤ የጥገና ቡድን መሪዎች ግን የሂውስተኑን ሳያዩ ማለፍ የለባቸውም። ከቪዲዮው ቀጥሎ ሪፖርቱን በሙሉ ማንበብ ለሁሉም ግዴታ አይደለም፤ መሐንዲሱ ያንብብ፣ ለሌሎቹ ማጠቃለያው ይበቃል። ቦርዱ እንዲዘጋ በ2017ም በ2025ም በቀረቡ የአገሪቱ የበጀት ሐሳቦች ላይ ተጠይቆ ስለነበር፣ የሚያስፈልጓችሁን ቪዲዮዎችና ሪፖርቶች አውርዳችሁ በፋብሪካው ኮምፒውተር ላይ አስቀምጡ።