ሁለቱን የኮሮላዬን አላርሞች ያስማማልኝ የጎፋው የአውቶ ኤሌክትሪክ ቤት

መኪናዬ ከአሜሪካ የመጣች የ2010 ስሪት ቶዮታ ኮሮላ ናት። ከፋብሪካ የተገጠመ አላርም አላት፤ ነገር ግን በር ወይም ኮፈኖ ካልተከፈተ በቀር ሲነካኳት አይጮህም። በሰፈራችን በአንድ ወር ውስጥ የሁለት መኪኖች ስፖኪዮ ከተነቀለ በኋላ፣ የንዝረት ሴንሰርና ባለስክሪን ሪሞት ያለው ተጨማሪ አላርም ከመርካቶ ገዛሁ። እዚህ የምጽፈው ስለ ዕቃው ሳይሆን ስለ ገጠማው ነው፤ ያው ዕቃ በአንድ ቤት እጅ ሰፈር ሲረብሽ፣ በሌላ ቤት እጅ ደግሞ እንደሚገባው ሲሠራ አይቻለሁና።

መጀመሪያ የሄድኩበት ቤት ሥራውን በሁለት ሰዓት ጨርሶ በአዲሱ ሪሞት ዘግቶ ከፍቶ አሳየኝ፤ እኔም እንከን ስላላየሁበት ከፍዬ ወጣሁ። በማግስቱ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ በሪሞቱ ከፍቼ የሾፌሩን በር ሳብ ሳደርግ ክላክሱ አካባቢውን አናወጠው። አዲሱን ሪሞት ደጋግሜ ብጫን አልቆመም፤ ዝም ያለው የመኪናውን ቁልፍ አስገብቼ ሞተሩን ሳስነሳ ነው። ይህ ለሦስት ማለዳ ተደጋገመ፤ ጎረቤታችን የሆኑ አዛውንት እናት ደንግጠው በሌሊት ልብሳቸው እስከ መውጣት ደርሰዋል፤ በዚህ እስከ ዛሬ አዝናለሁ። ወደ ቤቱ ተመልሼ ስናገር የተሰጠኝ መፍትሔ የክላክሱን ፊውዝ መንቀል ነበር። ድምፁ ጠፋ፤ መብራቱ ግን ብልጭ ድርግም ማለቱን ቀጠለ፤ እኔም በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ያለ ክላክስ እንድነዳ ተፈረደብኝ። ይህን መፍትሔ ብሎ መስጠት የደንበኛን ደኅንነት መናቅ ነው።

ጎፋ አካባቢ ወደሚገኘው አነስተኛ የአውቶ ኤሌክትሪክ ቤት የሄድኩት በሥራ ባልደረባዬ ጥቆማ ነው። ወጣቱ ባለሙያ መሣሪያ ከማንሳቱ በፊት፣ «ጋሼ፣ ዘግተውት ምን ያህል ቆይተው ሲከፍቱት ነው የሚጮኸው?» ብሎ ጠየቀኝ። ሌሊቱን ሙሉ አድሮ ስከፍተው መሆኑን ስነግረው ነገሩ ወዲያው ገባው። የኮሮላዋ የፋብሪካ አላርም በሮቹ እንደተቆለፉ ወዲያውኑ ጥበቃውን አይጀምርም፤ 30 ሰከንድ ያህል ይጠብቃል። ቀድሞ የገጠሙት ሰዎች ዘግተው በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ስለከፈቱት ፈተናውን ያለፈ መሰላቸው፤ እኔም አብሬ ተሳሳትኩ።

ከክሩስኮቱ ሥር ያለውን መሸፈኛ ሲያወልቅ ስህተቱ በዓይን የሚታይ ሆኖ ተገኘ። የአዲሱ አላርም የመዝጊያ ሽቦ ከፋብሪካው የበር ቁልፍ መስመር ጋር ተገናኝቷል፤ የመክፈቻው ሽቦ ግን ያንን መስመር ትቶ በቀጥታ ወደ በሩ ሞተር ተወስዷል። ስለዚህ የፋብሪካው አላርም መዘጋቱን ይሰማል፣ መከፈቱን ግን አይሰማም፤ በሩ ሲከፈት ሌባ የገባ ይመስለዋል። ሽቦዎቹም ተጠማዘው በናስትሮ ብቻ የተጠቀለሉ ነበሩ።

በሾፌሩ በር የቁልፍ ማስገቢያ ውስጥ አንዲት ትንሽ ማብሪያ አለች፤ በሩ በቁልፍ ሲከፈት ለመኪናው ኮምፒውተር የምትናገረው እርሷ ናት። ባለሙያው መልቲሜትሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) በጠረጠረው ሽቦ ላይ አስነክቶ እኔ ቁልፉን በበሩ እንዳዞር አደረገኝ፤ ወደ መክፈቻ ባዞርኩ ቁጥር ከ12 ቮልት አካባቢ የነበረው ንባብ ወደ ዜሮ ሲወርድ አብረን አየን። ለምን በመብራት መፈተሻ እንዳልሞከረው ስጠይቀው፣ የአምፖል መፈተሻ ብዙ ኤሌክትሪክ ስለሚስብ የኮምፒውተር መስመር ሊያበላሽ እንደሚችል አስረዳኝ፤ የኤርባግ የሆኑትን ቢጫ ሽቦዎችም አሳይቶኝ እጁን ሳያሳርፍባቸው አለፈ። ከዚያ የአዲሱን አላርም የመክፈቻ ሽቦ በዚያ መስመር ላይ በካውያና በእርሳስ በየደው። ከዚህ በኋላ አዲሱ ሪሞት ሲጫን የፋብሪካው አላርም ባለቤቱ በቁልፍ የከፈተ ያህል ቆጥሮ ራሱ ይጠፋል። ፊውዙም ወደ ቦታው ተመለሰ።

ከሁሉ በላይ ያከበርኩት ፈተናውን ነው። በአዲሱ ሪሞት ዘግቶ፣ ሰዓቱን እያየ አንድ ደቂቃ ሙሉ ጠብቆ ከፈተ፤ ጸጥታ ነበር። ቀጥሎ የሾፌሩን መስኮት ክፍት ትቶ ዘጋና ጠበቀ፤ እጁን በመስኮት አስገብቶ በሩን ከውስጥ ሲከፍተው ሁለቱም አላርሞች ጮኹ። የፋብሪካው ጥበቃ እንዳልተቆረጠ የሚያረጋግጠው ይህ ሁለተኛው ፈተና ስለሆነ፣ አላርም የሚያስገጥም ሰው ሁሉ ሳያየው መኪናውን ባይረከብ እመክራለሁ።

ሞተሩን ከሩቅ በሪሞት ማስነሳት የሚለውን አማራጭ ራሱ መክሮኝ ተውኩት። በቁልፉ ውስጥ ያለው ቺፕ ካልተነበበ ሞተሩ ስለማይነሳ፣ ርካሹ ዘዴ ትርፍ ቁልፍ በሳጥን አድርጎ መኪናው ውስጥ መደበቅ ነው፤ ይህም ከፋብሪካ የመጣውን ጠንካራ መከላከያ በገዛ እጅ ማላላት ይሆናል። ሞተሪኖውን (ሞተር አስነሺውን) የሚቆርጠውን ሪሌም (በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ማብሪያ ማጥፊያ) አዲሱ አላርም ቢበላሽ እንኳ መኪናዋ እንድትነሳ አድርጎ አገናኘው፤ ሌባውን የቁልፉ ቺፕ ስለሚከለክለው እኔ መንገድ ላይ እንዳልቀር ማሰቡ ትክክል ነው።

ቅሬታም አለኝ። በሦስት ሰዓት ውስጥ ይደርሳል የተባለው ሥራ እስከ ማታ ቆይቷል፤ ወረፋ መኖሩን አስቀድመው ቢነግሩኝ ኖሮ ቀኔን በሌላ መልክ አቅድ ነበር። የንዝረት ሴንሰሩም ከልክ በላይ ስል ተደርጎ ስለነበር በመጀመሪያው ሌሊት ሲኖትራክ ባለፈ ቁጥር ይጮህ ነበር፤ በማግስቱ ያለ ክፍያ ዝቅ አድርገውልኛል። ዋስትናውን በጽሑፍ አይሰጡም፤ የትኛው ሽቦ የት እንደተገናኘ የሚያሳይ ሥዕል ግን ስጠይቀው በእጁ ሥሎ ሰጥቶኛል፤ ከመኪናዋ ሰነዶች ጋር አስቀምጬዋለሁ።

ለሥራው ብቻ 3,500 ብር ከፍያለሁ። ሲጨርስ መኪናዋ ተቆልፋ የምትስበውን ኤሌክትሪክ ለክቶ 32 ሚሊአምፔር መሆኑን አሳይቶኛል፤ ከ50 በታች በመሆኑ ባትሪውን አይጎዳም። ለአሥር ቀን መስክ ወጥቼ ስመለስ በአንድ ቁልፍ ተነሥታለች።