የኤም.ኤስ. መድኃኒቶች ንጽጽር፦ ጎጃም ላለ ታካሚ የትኛው ያዋጣል?

አንጎልንና ኅብለ ሠረሰርን ለሚጎዳው ለመልቲፕል ስክሌሮሲስ (ኤም.ኤስ.) መድኃኒት ሊገዛ የተነሳ ቤተሰብ ፋርማሲ ደርሶ መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋጋ ነው። ከዋጋ በፊት ግን ሁለት ነገር ይጣራ፦ በሽታው በእርግጥ ኤም.ኤስ. መሆኑና መድኃኒቱ ለአንድ ወር ቢጠፋ ታካሚው ላይ ምን እንደሚደርስ። ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም ወይም ዳንግላ ተቀምጦ መድኃኒት ከአዲስ አበባ ለሚያስመጣ ሰው ሁለተኛው ጥያቄ ከየትኛውም የጥናት ቁጥር ይቀድማል። መንገድ ይዘጋል፣ መብራት ይጠፋል፣ ፋርማሲውም ያልቅበታል።

ኤም.ኤስ. ነው ወይስ አምሳያው?

ኒውሮማየላይቲስ ኦፕቲካ የሚባለው በሽታ የዓይን ነርቭንና ኅብለ ሠረሰርን ስለሚመታ ከኤም.ኤስ. ጋር ይምታታል። መምታታቱ ውድ ዋጋ ያስከፍላል፤ ለኤም.ኤስ. የሚሰጡት ኢንተርፌሮን፣ ፊንጎሊሞድና ናታሊዙማብ ይህን በሽታ ያብሱታልና። ሁለቱም ዓይኖች ባንድ ጊዜ ማየት ካቆሙ፣ ለቀናት የማይቆም ስቅታና ትውከት ከነበረ፣ ወይም በኤም.አር.አይ. የታየው የኅብለ ሠረሰር ቁስል ሦስት አከርካሪ አጥንትና ከዚያ በላይ የሚረዝም ከሆነ፣ የአኳፖሪን-4 አንቲቦዲ የደም ምርመራ ሳይደረግ መድኃኒት አይገዛ። ናሙናው ሩቅ መላክ ቢኖርበት እንኳ ይላክ። ሪቱክሲማብ ለሁለቱም በሽታዎች ስለሚሠራ ምርመራው ላልጠራለት ሰው ከሌሎቹ ይልቅ አደጋው ያነሰ ነው።

መቋረጥን የማይችሉት

ፊንጎሊሞድ በቀን አንድ 0.5 ሚሊግራም እንክብል ነው። ማቀዝቀዣ አይፈልግም፣ መርፌ የለውም፤ በወረቀት ላይ ለገጠር የተመቸ ይመስላል። ከኢንተርፌሮን ጋር ፊት ለፊት ሲወዳደርም በልጧል፤ የዓመቱ የግርሻ መጠን (አንድ ታካሚ በዓመት በአማካይ ስንት ጊዜ እንደሚያገረሽበት) 0.16 ለ0.33 ነበር። ችግሩ ሲቆም ነው። መድኃኒቱ ይዟቸው የቆየው ሊምፎሳይቶች (ነጭ የደም ሴሎች) ወደ ደም ሲመለሱ በሽታው ከመድኃኒቱ በፊት ከነበረው በከፋ ሁኔታ ሊያገረሽ ይችላል። የመጀመሪያው እንክብል የልብ ምትን ስለሚያዘገይ ታካሚው ለ6 ሰዓት ሆስፒታል ውስጥ ሆኖ የልብ ምቱና የደም ግፊቱ ይለካል። ከሁለት ሳምንት በላይ ጸበል ሰንብቶ መድኃኒቱን ቤት ትቶ የሄደ ሰው ተመልሶ እንደ ቀድሞው መዋጥ አይችልም፤ ያ የ6 ሰዓት ክትትል እንደ አዲስ ሊደገምለት ይገባል። ጸበል የሚሄድ እንክብሉን ይዞ ይሂድ።

ናታሊዙማብ በየ4 ሳምንቱ 300 ሚሊግራም በደም ሥር ይሰጣል። ኃይለኛ ነው፤ ሲቋረጥ ግን እንደ ፊንጎሊሞድ ያገረሻል፣ በዚያ ላይ ጄሲ የሚባል ቫይረስ ባለባቸው ሰዎች ላይ ለሞት የሚያበቃ የአንጎል ኢንፌክሽን ሊያስከትል ይችላል። በየወሩ ያለማቋረጥ ለመገኘቱ ማረጋገጫ በሌለበት ባይጀመር ይሻላል።

መቋረጥን የሚችሉት፦ ሪቱክሲማብ ከክላድሪቢን

የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ለኤም.ኤስ. ሦስት መድኃኒቶችን በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቷል፦ ሪቱክሲማብ፣ ክላድሪቢንና ግላቲራመር። ለእኛ አካባቢ ውድድሩ በዋናነት በእነዚህ መካከል ነው።

ሪቱክሲማብ በደም ሥር የሚሰጥ፣ መጀመሪያ ለሊምፎማ ካንሰር የወጣ ነው። ለኤም.ኤስ. በይፋ ባይመዘገብም ስዊድን በስፋት ትጠቀምበታለች፤ እዚያው 200 ታካሚዎችን ባሳተፈ ጥናት በ24 ወር ውስጥ ያገረሸባቸው ሪቱክሲማብ ከወሰዱት 3 በመቶ፣ ዳይሜቲል ፉማሬት የተባለውን የኤም.ኤስ. እንክብል ከወሰዱት 16 በመቶ ነበሩ። በጥናቱ የተሰጠው መጠን መጀመሪያ 1000፣ ከዚያ በየ6 ወሩ 500 ሚሊግራም ነው። በዚህ ሂሳብ የመጀመሪያው ዓመት ሦስት ባለ 500 ብልቃጥ፣ ከዚያ በኋላ በዓመት ሁለት ይፈልጋል። ሊገዛ ያሰበ ሰው የብልቃጡን ዋጋ በዚህ አባዝቶ ከ730 የፉማሬት እንክብል ወይም ከ156 የግላቲራመር መርፌ የዓመት ወጪ ጋር ያስተያይ። ቀጠሮው በጥቂት ሳምንት ቢዘገይ ብዙ ጊዜ አደጋ የለውም፤ መድኃኒቱ የሚያጠፋቸው ቢ ሴሎች (ከነጭ የደም ሴሎች አንዱ ዓይነት) ተሟጠው የሚቆዩት ለወራት ነው።

ክላድሪቢን የሚዋጥ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ሁለት አጫጭር ዙር አለው፤ እያንዳንዱ 4 ወይም 5 ቀን ሲሆን በመካከላቸው አንድ ወር ይቆያል። በሁለተኛው ዓመት ይኸው ይደገማል፣ 3ኛውና 4ኛው ዓመት ያለ መድኃኒት ያልፋሉ። መጠኑ በክብደት ስለሆነ ከ50 እስከ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በዓመት 10፣ በጠቅላላው 20 ባለ 10 ሚሊግራም እንክብል ይሆናል። ከፕላሴቦ (መድኃኒት ከሌለበት ማስመሰያ) ጋር ሲወዳደር የዓመቱን ግርሻ ከ0.33 ወደ 0.14 አውርዷል። ለአኗኗራችን ከሁሉም የተመቸው ይህ ነው፤ ማግኘቱና ዋጋው ግን ብዙውን ቤተሰብ ያስቀረዋል። ካንሰር ላለበት ሰው አይሰጥም፣ ሴትም ወንድም ከመጨረሻው እንክብል በኋላ 6 ወር እርግዝና እንዳይፈጠር መከላከል አለባቸው።

ሁለቱም ከመጀመራቸው በፊት የሄፓታይተስ ቢ፣ የኤች.አይ.ቪ. እና የቲቢ ምርመራ ግዴታ ነው። ለሄፓታይተስ ቢ የላይኛው አንቲጅን ብቻ አይበቃም፤ የኮር አንቲቦዲውም ይታይ፣ የተኛ ቫይረስ በሪቱክሲማብ ይነቃልና። መተማ ወይም ሁመራ ለሰሊጥ ሥራ ወርዶ የሚያውቅ ሰው ይህን ለሐኪሙ ይንገር፤ በሰውነት ውስጥ ተደብቆ የቆየ ካላዛር መከላከያ ኃይል ሲዳከም ሊነሳ ይችላል።

ሌሎቹ ባጭሩ

ግላቲራመር (40 ሚሊግራም በሳምንት ሦስት ቀን ከቆዳ ሥር) ግርሻን በአንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ይቀንሳል፤ ነገር ግን ለመውለድ ለምታስብ ሴት ከሁሉም አስተማማኙ ነው። ዳይሜቲል ፉማሬት 120 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ ለ7 ቀን፣ ከዚያ 240 ሚሊግራም ሁለት ጊዜ ነው። ባዶ ሆድ ላይ ከተዋጠ ፊት ያቀላል፣ ሆድ ይቆርጣል፤ በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው የንስሐ አባቱን አማክሮ ሰዓቱን ያስተካክል፣ አለዚያ በሁለት ሳምንት ውስጥ ትቶት ያርፋል። ቴሪፍሉኖማይድ በቀን አንድ እንክብል ቢሆንም በደም ውስጥ እስከ ሁለት ዓመት ሊቆይና ፅንስን ሊጎዳ ይችላል፤ ለወጣት ሴት አንመክረውም።

ግርሻ ሳይኖር እያዘገመ ለሚሄደው ዓይነት

እዚህ ላይ ገንዘብ በከንቱ የሚፈስበት ቦታ ነው፣ በሬና መሬት ሳይሸጥ መነበብ ያለበትም ይኸው ክፍል ነው። ከላይ የተነሱት ቁጥሮች በሙሉ የግርሻ ናቸው። አቅም ማጣቱ በብዛት የሚመጣው ግን ከግርሻ ውጭ በዝግታ ከሚካሄደው የነርቭ ጉዳት ነው። የሪቱክሲማብ ዘመድ የሆነው ኦክሬሊዙማብ ከመነሻው እያዘገመ በሚሄደው ዓይነት ላይ ሲሞከር ለ12 ሳምንት የጸና መባባስ የታየባቸው 32.9 በመቶ፣ በፕላሴቦ 39.3 በመቶ ነበሩ። ልዩነቱ እውነት ነው፣ ትንሽም ነው። የሪቱክሲማብ ተመሳሳይ ጥናት በጠቅላላው አልተሳካም፤ ጥቅም የታየው ከ51 ዓመት በታች በሆኑትና በኤም.አር.አይ. በጋዶሊኒየም (ለምርመራው በደም ሥር በሚሰጥ ማጉያ) የሚያበራ ቁስል ባላቸው ላይ ነው። ቶሌብሩቲኒብ የተባለው አዲስ እንክብል ግርሻ በቆመበት ሁለተኛው ደረጃ ላይ መባባሱን ከ30.7 ወደ 22.6 በመቶ አውርዶ ተስፋ ሰጥቷል፤ ጉበትን ስለሚጎዳ ተደጋጋሚ ምርመራ ይፈልጋል። 964 ሰዎች የተሳተፉበት የሲምቫስታቲን ጥናት ጥቅም አላሳየም።

ስለዚህ ዕድሜው 55 ያለፈ፣ ለዓመታት ያላገረሸበትና አዲስ ቁስል የማይታይበት ሰው ጥሪቱን በሪቱክሲማብ ላይ ባያፈስ ይሻለዋል። ያው ገንዘብ ለፊዚዮቴራፒ፣ ለምርኩዝ፣ ለሽንት ችግርና ለጡንቻ መጠንከር ይዋል። ባክሎፌን ርካሽ ነው፤ በ5 ሚሊግራም ቀን ሦስት ጊዜ ተጀምሮ ቀስ እያለ ይጨመራል፣ በድንገት ከቆመ ግን የሚጥል በሽታ ሊያስነሳ ስለሚችል ሳያልቅ ይገዛ።

ሲገዙና ሲጓጓዙ

ሪቱክሲማብና ግላቲራመር ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣሉ። ግላቲራመር ከ30 ዲግሪ ባልበለጠ ሙቀት እስከ አንድ ወር ሊቆይ ይችላል፤ ሪቱክሲማብ ያን ያህል አይታገሥም። ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ሲመጣ የዓባይ በረሃ ሙቀት ብቻ ሳይሆን በረዶውም ጠላቱ ነው፦ ብልቃጡ በረዶውን ነክቶ ፈሳሹ በረዶ ከሆነ ተበላሽቷል። በካርቶኑ እንዳለ በጨርቅ ተጠቅልሎ በረዶው ከጎኑ ይሁን፣ አይናጥ። ፈሳሹ ጥርት ያለ መሆኑ፣ የባች ቁጥሩና ማብቂያ ቀኑ ፋርማሲው ውስጥ ይታይ፤ የባች ቁጥሩ ደረሰኙ ላይ ይጻፍ።

ሪቱክሲማብ ከመሰጠቱ 30 ደቂቃ በፊት ፓራሲታሞል፣ የአለርጂ መድኃኒትና 100 ሚሊግራም ሜቲልፕሬድኒሶሎን ይቀድማል። የመጀመሪያው ቀን በሰዓት 50 ሚሊግራም ተጀምሮ በየ30 ደቂቃው 50 እየተጨመረ ቢበዛ 400 ይደርሳል። ጉሮሮ ማሳከክ፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም የግፊት መውረድ ከታየ ይቆማል፤ ምልክቱ ሲያልፍ በግማሽ ፍጥነት ይቀጥላል። ብዙው ችግር የሚፈጠረው ነርስ ተጣድፋ ፍጥነቱን ስትጨምር ነው፤ አስታማሚው የተጀመረበትን ሰዓት ጽፎ አጠገቡ ይቀመጥ፣ የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ታካሚም ከ12 ሰዓት በፊት ማቆም እንዳለበት ሐኪሙን ይጠይቅ።