ሞተር ልትገዙ ካሰባችሁ እኚህን ሰው አግኟቸው

ሰላም ወገኖች፣ በተለይ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያላችሁ። ከሁለት ሳምንት በፊት ሞተር ሳይክል ገዝቻለሁ። ይህን የምጽፈው ግን ሞተሬን ላሳያችሁ አይደለም (ፎቶው ሌላ ቀን ይለጠፋል)፤ ሱቁ ውስጥ ያስተናገዱኝን ሻጭ በአደባባይ ሳላመሰግን ማለፍ ስላልቻልኩ ነው። "ስሜን እንዳትጽፍ" ስላሉኝ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ።

አገር ቤት ሥራዬ ገጠር ለገጠር ስለነበር ዲቲ 125 (ቀለል ያለችውን የያማሃ የገጠር ሞተር) ስነዳ ነው የኖርኩት፤ ጭቃው፣ ዳገቱ፣ ወንዝ መሻገሩ ምናምን። ስለዚህ ጋሼ ሱቅ ደረቴን ነፍቼ ነው የገባሁት። ከዚያ በፊት የሄድኩበት ሌላ ሱቅ ደግሞ ሻጩ ሳልጠይቀው 1000 ሲሲ የሆነ ትልቅ ሞተር ላይ አስቀምጦኝ የወር ክፍያ ያሰላልኝ ጀመር። ነድቼ መሞከር እችላለሁ ወይ ስለው "መጀመሪያ ፈርም" አለኝ። ምኑን ነው የምፈርመው? ጥዬው ወጣሁ።

ጋሼ ከሁሉ በፊት የጠየቁኝ መንጃ ፈቃዴን ነው። ክላስ ኤም (የሞተር ሳይክል ፈቃድ) መኖሩን አዩ። (ለሌላችሁ፦ ቨርጂኒያ ውስጥ የሞተር ኮርሱን ካለፋችሁ ዲኤምቪ (መንጃ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት) ሄዶ መፈተን ይቀርላችኋል።) ቀጥለው ሄልሜቴን፣ ጓንቴን፣ ጫማዬን ተመለከቱ። ከዚያ ሞተሩን ነድቼ ከመሞከሬ በፊት የሚፈረም ሁለት ገጽ ወረቀት ሰጡኝ፤ እኔም እንደ ልማዳችን ሳላነብ ልፈርም እስክሪብቶ ሳነሳ እጄን ያዙኝ። "ቆይ አንተ ልጅ፣ ይቺን መስመር አንብባት" አሉኝ። ሞተሩን ከጣልኩት እስከ 1000 ዶላር ከኪሴ እከፍላለሁ ይላል፤ ለዚያም የክሬዲት ካርዴን ቁጥር ይይዛሉ። "ሳታየው ፈርመህ ብትወድቅ የምትረግመው እኔን ነው" ብለው ሳቁ።

ያወጡልኝ ሆንዳ ሬብል 500 ነው። መቀመጫው ዝቅ ስለሚል ሁለቱም እግሬ መሬት ረገጠ፤ ክብደቱ ግን 190 ኪሎ ገደማ ነው፣ ከዲቲ ጋር አይገናኝም። አሁን የሚያሳፍረውን ልንገራችሁ። መጀመሪያ በእግሬ ኪክ ፈለግኩ። የለም! ቁልፉን ከፍቼ በማስነሻ ቁልፉ (በአዝራሩ) አስነስቼ አንደኛ ማርሽ ሳስገባ ሞተሩ ድርግም አለ። ድጋሚ አስነሳሁ፣ ድጋሚ ጠፋ። "ጋሼ፣ ባትሪው ሞቷል መሰለኝ" አልኳቸው። ዝም ብለው ወደ ታች ጠቆሙኝ፤ ለካ የጎን መቆሚያው አልታጠፈም። እሱ ሳይታጠፍ ማርሽ ከገባ ሞተሩ ራሱን ያጠፋል። ያቺ ደረቴ እዚያው ተነፈሰች።

በቀጥታ መንገድ አላወጡኝም። ግቢው ውስጥ ፍሪሲዮኑ የት ላይ እንደሚይዝ እስክለምድ በቀስታ አስነዱኝ፣ አዟዟሩኝ፣ ከዚያ ጠንከር አድርጌ ፍሬን እንድይዝ አደረጉ። አዲስ ጎማ ያንሸራትታል፣ መጀመሪያ ላይ መታጠፊያ ላይ አትጋደም የሚለውን ሦስት ጊዜ ነው የነገሩኝ። ከዚያ በሌላ ሞተር እየመሩኝ 20 ደቂቃ ያህል ሰፈር ለሰፈር ዞርን። 495 አውራ ጎዳና ላይ እንውጣ ብላቸው ለመስማትም አልፈለጉም። የማላውቀው ሞተር ነዋ፣ ልክ ናቸው።

ስንመለስ በዚያው ሙቀት ልፈርም ተዘጋጅቼ ነበር። ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? "እደርበትና ነገ ና።" ሻጭ እንዲህ ሲል አይቼ አላውቅም! ባዶ እጄንም አልሰደዱኝም፤ ሞተሩ ላይ ከተለጠፈው ዋጋ ሌላ የማጓጓዣውን፣ የመገጣጠሚያውን፣ የወረቀት ሥራውንና ታክሱን ደምረው ከበር የምወጣበትን ጠቅላላ ዋጋ በወረቀት አትመው ሰጡኝ። በማግስቱ ስመለስ አንድ ሳንቲም አልጨመረም።

ጋሼ፣ ይህን ካነበቡት እግዜር ይስጥልኝ። ቡናችሁ ግን አይጠጣም፣ እሱን አልደብቅም።

ሱቁ ከአሌክሳንድሪያ ግማሽ ሰዓት ቢነዳ ነው። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አድራሻውን እልካለሁ። እሁድና ሰኞ ዝግ ናቸው። ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማ አድርጋችሁ ሂዱ፤ እኔ እዚያ እያለሁ በነጠላ ጫማ የመጣ አንድ ጎረምሳ ቢለምን ቢለምን ጋሼ ቁልፉን ከኪሳቸው አላወጡትም።