መቼ እንደሚያመኝ ለጠየቁኝ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ምስጋና

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለአንዲት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ምስጋናዬን በአደባባይ ለማቅረብና፣ ምክንያቱ ሳይታወቅላቸው ለረጅም ጊዜ ከወገብ ሕመም ጋር የሚኖሩ ሰዎች እንዲህ ያለ ባለሙያ እንዲፈልጉ ለመጠቆም ነው። ስማቸውንና የሚሠሩበትን ቦታ እንዳልገልጽ ስለጠየቁኝ ፈቃዳቸውን አክብሬአለሁ፤ በመሆኑም ጥቆማዬ በአሠራራቸው ላይ ያተኩራል፤ እርሱን በሚገባ ከገለጽኩ አንባቢ በያለበት የእርሳቸውን መሰል ለመለየት አይቸገርም።

ወደ እርሳቸው የሄድኩት «የወገብ መወጠር» የሚል ወረቀት ይዤ ነበር። ቀደም ሲል ያየኝ አንድ የሕክምና ተቋም ራጅ አንሥቶ ይህ ነው የሚባል ነገር ስላላገኘ፣ ሕመሙ ከአቀማመጥ የመጣ መሆኑንና ዕረፍት እንደሚበቃው ነግሮ አሰናብቶኝ ነበር። ሕመሙን የሚያብስብኝ ግን ያው ዕረፍቱ ነበር። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ሕመሙ ከእንቅልፌ ይቀሰቅሰኛል፤ ጎኔን ለመቀየር የአልጋውን ጠርዝ ይዤ ራሴን መጎተት ነበረብኝ፤ ተነሥቼ በክፍሉ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ስል ግን ቀስ በቀስ ይለቀኛል። ጠዋት ወገቤ ግትር ስለሚል ካልሲ የማጠልቀው ቆሜ ወይም ተቀምጬ ሳይሆን በጀርባዬ ተጋድሜ ነበር። ረፋዱ ላይ ግን እንደማንኛውም ሰው ቀጥ ብዬ እራመዳለሁ፤ ሐኪም ዘንድ የምቀርበውም ብዙውን ጊዜ በዚሁ ሰዓት ስለሆነ የሚያየኝ ሁሉ የሚያየኝ በደኅና ሰዓቴ ነበር።

ስም ያልወጣለት ሕመም ከራሱ ከሕመሙ ሌላ የሚያመጣው ጣጣ አለ። የሥራ ኃላፊ ፈቃድ ሲጠየቅ ምክንያቱን ማወቅ ይፈልጋል፤ ቤተ ሰብም «ሐኪሞቹ ምን አሉ?» ብሎ ይጠይቃል። «ምንም የለም አሉ» የሚለው መልስ ለሰሚው የምሥራች ሲሆን፣ ሌሊቱን ሲገላበጥ ላደረው ሰው ግን ክስ ይመስላል፤ «ምንም ከሌለ ታዲያ ምን ሆነህ ነው?» የሚለው ጥያቄ ባይነገርም ይሰማልና። ጭንቀት ነው ያሉኝ ነበሩ። መጨነቄ እውነት ነው፤ የተጨነቅሁት ግን ስለሚያመኝ ነበር።

ባለሙያዋ በመጀመሪያው ቀን አልጋ ላይ አስተኝተው ወደ ማሸት አልገቡም፤ ወንበር ስበው ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ይጠይቁኝ ጀመር። ሕመሙ በድንገት ጀመረ ወይስ ቀስ እያለ? ሲጀምርዎ ዕድሜዎ ከ40 በታች ነበር ወይስ በላይ? ሲያርፉ ይሻልዎታል ወይስ ሲንቀሳቀሱ? ሌሊት ይቀሰቅስዎታል? ቢቀሰቅስዎት በስንት ሰዓት? ጠዋት ግትርነቱ እስኪለቅዎ ምን ያህል ይቆያል? ሕመሙ አንድ ጊዜ በቀኝ፣ ሌላ ጊዜ በግራ መቀመጫዎ ይፈራረቃል? የት እንደሚያመኝ ሁሉም ጠይቆኝ ነበር፤ መቼ እንደሚያመኝ ግን እንዲህ አጥብቆ የጠየቀኝ አልነበረም።

ቀጥለውም ስለ ተረከዜ፣ ስለ ቆዳዬ፣ ስለ ሆድ ዕቃዬና በቤተ ሰባችን ተመሳሳይ ሕመም ስለመኖሩ ጠየቁ። ዓይኔ ቀልቶና አሞኝ፣ ብርሃን ማየት አስቸግሮኝ ያውቅ እንደሆነ ሲጠይቁኝ ግን ወገቤን ለማሳየት የመጣሁ ሰው ስለሆንኩ ግራ ተጋባሁ። አዎን፣ አንድ ሰሞን ታምሜ ታክሜ ድኛለሁ፤ ከወገቤ ጋር ግን ማንም አላገናኘውም። ኋላ እንደተረዳሁት ዩቪአይቲስ የሚባለው የዓይን ውስጥ ብግነት፣ ሶሪያሲስ የተባለው የቆዳ ሕመም፣ የአንጀት ብግነትና የተረከዝ ጅማት ሕመም ከአንድ ዓይነት የአከርካሪ ብግነት ጋር አብረው የሚታዩ ናቸው። በየክፍሉ የተለያየ ሐኪም ሲያያቸው ግን ለየብቻቸው ታክመው ለየብቻቸው ይረሳሉ።

ከዚያ በኋላ ልብስ ሰፊዎች የሚጠቀሙበትን ዓይነት ሜትር አወጡ። ቀጥ ብዬ እንደቆምኩ በታችኛው ወገቤ ላይ በእስክሪብቶ በ15 ሴንቲሜትር የተራራቁ ሁለት ምልክቶች አድርገው፣ ጉልበቴን ሳላጥፍ የምችለውን ያህል እንዳጎነብስ አዘዙኝ። በጤነኛ ወገብ ይህ ርቀት ሲጎነበስ ወደ 20 ሴንቲሜትርና ከዚያ በላይ እንደሚለጠጥ፣ የእኔ ግን 17 እንኳ እንዳልሞላ ሜትሩን አሳዩኝ። ሾበር የሚባለው ይህ ልኬት ብቻውን በሽታ አይለይም፤ ሆኖም ውድ መሣሪያ የማይጠይቅ፣ ከደቂቃዎች በላይም የማይፈጅ ሆኖ ሳለ እስከዚያ ቀን ያደረገልኝ አልነበረም። እንደ እውነቱ ከሆነ ከምርመራዎቹ ሁሉ እስካሁን የሚገርመኝ እርሱ ነው።

ልዩ ምስጋናዬ ግን ከዚህ ቀጥሎ ላደረጉት ነው። «ይህ እኔ በማሸት የማሻሽለው ዓይነት ሕመም አይመስለኝም፤ እያሸሁ ጊዜዎን ብበላ ጥፋቱ የእኔ ይሆናል» ብለው የተያዙልኝን ቀጠሮዎች በሙሉ ሰረዙና ለሩማቶሎጂ (የመገጣጠሚያና የብግነት ሕመሞች) ሐኪም የሪፈር ወረቀት እንዲጻፍልኝ በራሳቸው እጅ ማስታወሻ አዘጋጁ። ማስታወሻው ግማሽ ገጽ አይሞላም፤ የሌሊቱን መቀስቀስ፣ የጠዋቱን ግትርነት፣ የመቀመጫውን መፈራረቅ፣ የዓይኑን ታሪክና ልኬቱን በቅደም ተከተል ይዟል። የበሽታ ስም እንዲነግሩኝ ብለምናቸውም እርሱ የሐኪሙ ድርሻ መሆኑን ገልጸው አለፉት። በሽተኛውን በተከታታይ ቀጠሮ ይዞ ማቆየት ለሚችል ባለሙያ «ከእኔ ዘንድ አይደለም» ማለት ቀላል አይደለም፤ ብዙዎቻችን በየቦታው የምንንከራተተውም ይህን የሚል ሰው በማጣት ይመስለኛል።

ሐኪሙ ማስታወሻውን ካነበቡ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። በደም ምርመራው ሲአርፒ የተባለው የብግነት ምልክት ከፍ ብሎ አልተገኘም፤ ይሁን እንጂ ብዙ ሕሙማን ላይ ልክ ሆኖ ስለሚታይ የተጠረጠረውን የአከርካሪ ብግነት የለም እንደማያሰኝ አስረዱኝ። ኤች ኤል ኤ ቢ 27 የተባለው በዘር የሚወረስ ምልክትም ተገኘብኝ። ይህ ከበሽታው ጋር ያለው ግንኙነት ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይታወቃል፤ ሆኖም ካለባቸው ሰዎች የሚበዙት ዕድሜ ልካቸውን ስለማይታመሙ ማስረጃ እንጂ ፍርድ አይደለም። ነገሩን የቋጨው አከርካሪው ከዳሌ አጥንት ጋር የሚጋጠምበትን ቦታ ያሳየው ኤምአርአይ ነበር። ራጅ የሚያሳየው አጥንቱ ቅርጹን ከለወጠ በኋላ ነው፤ ይህ ደግሞ ዓመታት ሊወስድ ይችላል፤ ኤምአርአይ ግን ብግነቱን በአጥንቱ ውስጥ ገና ሳለ ያሳያል። ቀድሞ ንጹሕ የተባለው ራጅ ስሕተት አልነበረም፤ ሊያሳይ የማይችለውን ተጠይቆ ነበር እንጂ። የሕመሜ ስም አክሲያል ስፖንዲሎአርትራይተስ፣ ማለትም የአከርካሪ መገጣጠሚያዎች ብግነት፣ ሆነ፤ በራጅ እስኪታይ ሲገፋ በቀድሞ ስሙ አንኪሎሲንግ ስፖንዲላይተስ ይባላል።

ሕክምናው የተጀመረው በብግነት ማስታገሻ ኪኒንና በእንቅስቃሴ ሲሆን፣ ይህ ካልበቃ ቲኤንኤፍ የተባለውን የብግነት መልእክተኛ የሚገቱ መርፌዎች እንዳሉና ከእነርሱ በፊት የተደበቀ የሳንባ ነቀርሳ አለመኖሩ መመርመር እንዳለበት ተነግሮኛል። እንቅስቃሴው ወደዚያችው ባለሙያ መለሰኝ፤ «አሁን ነው የእኔ ሥራ የሚጀምረው» አሉኝ። ወገብንና ደረትን የሚከፍት ስፖርትና ጥልቅ አተነፋፈስ ያሠሩኛል፤ ስሳነፍም ሜትሩን ያወጣሉ። ሕመሙ ጨርሶ አልተወኝም፤ ሌሊቱን ግን እተኛለሁ።

ይህን የሚያነብ ሰው ወገቡን ባመመው ቁጥር ይህ በሽታ አለብኝ ብሎ እንዳይደነግጥ እለምናለሁ፤ አብዛኛው የወገብ ሕመም ከዚህ የተለየ ነው፤ ሲያርፉ ይሻላል፣ በሳምንታትም ይለቃል። ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ያቃተው፣ እግሩ የደነዘዘ ወይም ጉልበት ያጣ ሰው ደግሞ ምንም ሳይጠብቅ በዚያኑ ቀን ድንገተኛ ክፍል መሄድ አለበት። ነገር ግን ከ3 ወር በላይ የቆየ፣ በወጣትነት የጀመረ፣ በዕረፍት የሚብስና በእንቅስቃሴ የሚለቅ፣ ሌሊት የሚቀሰቅስ ሕመም ያለበት ሰው ራጁ ንጹሕ ነው ቢባልም የሩማቶሎጂ ሐኪም ይየው። መጀመሪያ የሚያገኘው ፊዚዮቴራፒስት ከሆነም፣ እጁን ከማሳረፉ በፊት ለመጠየቅ ጊዜ የሚወስድ፣ የሚለካ፣ የለካውን የሚጽፍና ለውጥ ካላየ ወደ ሌላ ለመላክ የማያመነታ ባለሙያ ይምረጥ። ሲሄድም የሚነቃበትን ሰዓት፣ የጠዋቱ ግትርነት የሚቆይበትን ደቂቃና ከዚህ በፊት የታከመውን የዓይን፣ የቆዳ ወይም የአንጀት ሕመም በወረቀት ጽፎ ይያዝ፤ የሚቻል ከሆነም ቀጠሮውን ወገቡ ገና ሳይፈታ በማለዳ ያስይዝ።