የድሮ ቮልስ ሞተር ዕቃ ለምትፈልጉ፦ አንድ ባለሙያ ልጠቁማችሁ

ሶማሌ ተራ ውስጥ የቮልስ ዕቃ ብቻ የሚያፈላልጉ አንድ ጋሼ አሉ። ይህን የምጽፈው እሳቸውን ለማመስገንና እናንተም እንድታውቋቸው ብዬ ነው። ስማቸውንና ስልካቸውን በአደባባይ እንዳላወጣ ለምነውኛል። ሱቃቸው ጠባብ ናት፤ ሰው ሲበዛባቸው ዕቃ በእርጋታ ማየት አይችሉም። ስለዚህ እዚህ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ። የሚፈልጋቸው ሰው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ አገናኘዋለሁ።

መኪናዬ በፈረንጆቹ 1968 የተሠራች ቮልስ ናት። ከፋብሪካ የወጣችው በ1300 ሞተር ነበር። አባቴ በኋላ 1600 አስገባላት፤ ለእኔም የደረሰችኝ በዚያው ሞተር ነው። ሜዳ ላይ ችግር የለባትም። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስትወጣ ግን 2ኛ ማርሽ ይከብዳት ነበር። ጅማ ቤተሰብ ስላለኝ ደግሞ ከወልቂጤ በኋላ ወደ ጊቤ ወርጄ በአበልቲ በኩል መውጣት አለብኝ። እዚያ ሙቀቱና ዳገቱ ሲደመር ሞተሩ ይግላል፣ ጉልበቱም ይከዳል። ሞተሩ መታደሻው ሲደርስ፣ ከተፈታ አይቀር ጉልበት የሚጨምር ዕቃ ላስገባለት ብዬ ተነሣሁ።

የቮልስ ዕቃ በዓለም ላይ አልጠፋም። የመጨረሻዋ የድሮዋ ቮልስ ሜክሲኮ፣ ፑዌብላ ከሚገኘው ፋብሪካ የወጣችው በሐምሌ 2003 በፈረንጆቹ ነው፤ በጠቅላላው ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። ይህን ያህል መኪና ስላለ ዕቃውን የሚያመርት አልጠፋም። ራስ ምታቱ ሌላ ነው። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውና ውስጥ ያለው አይገጥምም። 85.5 ሚሊ ሜትር ተብሎ የሚሸጥ ፒስተን ሲለካ ሌላ ይሆናል። አራቱ ፒስተኖች በአንድ ካርቶን መጥተው ክብደታቸው ይለያያል።

ጋሼን ያወቅኋቸው በዚሁ ምክንያት ነው። ከአንድ ሱቅ፣ ስሙን አልጠራም፣ ኦርጂናል ነው ተብዬ የፒስተን ስብስብ ገዝቼ ነበር። አንድ ወዳጄ ለጋሼ አሳያቸው አለኝ። ካሊፐራቸውን አውጥተው ለኩ። ከዚያ ጎረቤታቸው ካለው ነጋዴ ሚዛን ተውሰው አራቱንም አንድ በአንድ መዘኑ። በአንድ ሞተር ውስጥ የሚገቡ ፒስተኖች ከ10 ግራም በላይ ሊበላለጡ አይገባም። የእኔዎቹ ከዚያ በላይ ይበላለጡ ነበር። ልኩንና ክብደቱን ወረቀት ላይ ጽፈው ሰጡኝና "ይህን ይዘህ ሂድ፣ ሳትጣላ በእርጋታ አናግራቸው" አሉኝ። ሱቁ ገንዘቤን መለሰልኝ። ጋሼ ለዚህ ሁሉ አንድ ብር አልተቀበሉኝም። ያን ጊዜ ገና ደንበኛቸው እንኳ አልነበርኩም።

ዕቃ እንዲፈልጉልኝ ስጠይቃቸው ወዳጆቼ የመከሩኝን ዝርዝር ሰጠኋቸው። 87 ሚሊ ሜትር ፒስተንና ሲሊንደር፣ ሁለት ካርቡራተር፣ 009 የሚባለው ዲስትሪቡተር (ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለው)፣ ድምፁ የሚያምር ማርሚታ። ዝርዝሩን አጥፈው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡትና ጠየቁኝ። "ልጄ፣ የምትነዳት የት የት ነው?" ስለ ጅማ ነገርኳቸው። ቀጥለው የሞተሩን ቁጥር ጠየቁ። ቁጥሩ ከዲናሞው መቀመጫ ሥር ሞተሩ አካል ላይ የተመታ ነው። በኤዲ የሚጀምር መሆኑን ሲያዩ ደስ አላቸው። ባለ ሁለት መግቢያ ቴስታታ (ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የየራሱ መግቢያ ያለው የሲሊንደሮቹ ክዳን) ያለው 1600 ነው ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ያስረዱኝን ነገር ከማንም መካኒክ ሰምቼው አላውቅም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ሲሠራ ከጉልበቱ ሩቡን ያህል ያጣል። ጀርመኖቹ 50 የፈረስ ጉልበት ያሉት 1600 ሞተር እንጦጦ ላይ 50 አይደለም። ስለዚህ ውጭ አገር ለባሕር ዳርቻ ከተማ የተጻፈ የዕቃ ዝርዝር እዚህ ቃል በቃል አይሠራም።

87 ሚሊ ሜትሩን ከልክለውኛል። ሞተሩ ሳይቆረጥ ቀጥ ብሎ ስለሚገባ ብዙ ሰው ይወደዋል። 1,584 ሲሲ የነበረውን 1,641 ያደርገዋል። ጭማሪው ይህችው ናት። ግን ሲሊንደሩ ከውስጥ ሰፍቶ ከውጭ እንደነበረ ስለሆነ ግድግዳው ይሳሳል፤ ሲግል ቅርጹ ይዛባል፣ ከዚያ ዘይት መብላት ይጀምራል። ቮልስ ውኃ የላትም፣ የምትቀዘቅዘው በአየርና በዘይት ነው። ጊቤ ለምትወርድ መኪና ስስ ሲሊንደር አልሸጥልህም አሉኝ። ገንዘብ ይዤ ቆሜ ዕቃ አልሸጥም ያለኝ ነጋዴ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ብራዚል የተሠራ፣ ልኩ ትክክል የሆነ፣ ማሌ የሚባለው ኩባንያ የ85.5 ስብስብ ፈልገው አገኙልኝ።

ጉልበቱን ከሌላ ቦታ ነው ያመጡት። አንደኛው ከእመቃው ነው፤ ፒስተኑ አየርና ቤንዚኑን የሚያምቅበት መጠን ማለት ነው። የፋብሪካው እመቃ 7.5 ለ 1 ገደማ ነው። እዚህ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ ሳይጎዳ ትንሽ ከፍ ሊል ይችላል። ከሲሊንደሩ ሥር የሚገባውን ቀጭን ቀለበት መርጠው በፒስተኑ አናትና በሲሊንደሩ ከንፈር መካከል ያለው ርቀት ከ1 ሚሊ ሜትር ትንሽ አልፎ እንዲቀር አደረጉ። ከ1 በታች ግን አይወርድም፣ ፒስተኑ ቴስታታውን ይመታል ብለው መካኒኬን ደጋግመው አስጠነቀቁት።

ሁለተኛው ካም ሻፍቱ፣ ማለትም ቫልቮቹን የሚያስከፍተው ዘንግ ነው። ኤንግል የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሚሠራው ደብሊው 100 የሚባል፣ ለመንገድ መኪና የሚሆን ለዘብ ያለ ካም ሻፍት አለ። እሱን እዚህ አላገኙትም። ቨርጂኒያ የአክስቴ ልጅ አለ፣ ለገና ሊመጣ ነበር። ጋሼ በቴሌግራም የሚገዛውን ጽፈው ላኩለት። የማይገዛውንም ጽፈዋል። ሲሊንደር እንዳያመጣ፣ ብረቱ ከባድ ነው፣ የሻንጣ ኪሎ ይበላል፣ እዚህም ይገኛል። ካም ሻፍት፣ ከእሱ ጋር አዳዲስ ታፔቶች (ካም ሻፍቱ ላይ የሚያርፉት የቫልቭ መግፊያዎች)፣ የካርቡራተር ጄቶች (ቤንዚኑን የሚመጥኑት ቀዳዳዎች)፣ በቃ። አሮጌ ታፔት በአዲስ ካም ሻፍት ላይ ከተጫነ አዲሱን ይበላዋልና ሁለቱ አይነጣጠሉም። ልጁ ከሁለቱ ሻንጣዎች ለአንዱም ትርፍ ኪሎ ሳይከፍል መጣ። እሱም በዚህ አጋጣሚ ምስጋናዬ ይድረሰው።

ሁለት ካርቡራተሩን ቆይ አሉኝ። ሁለቱን እኩል አድርጎ የሚያስተካክል ሰው በቅርብ ከሌለ፣ አንድ ጥሩ ካርቡራተር ይሻላል የሚል አቋም አላቸው። እኔም እስማማለሁ። የነበረኝ ሶሌክስ 34 የጋዝ መክፈቻው ዘንግ ተበልቶ ይወዛወዝ ነበር። በዚያ ክፍተት አየር ስለሚገባ ሚኒሞው አይረጋም፤ ስንት መካኒክ በቪዳ ሊያስተካክለው የሞከረው ነገር ነው። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ካለ ቶርኖ ቤት ልከውኝ የናስ ቡሽ አስገቡለት። ከዚያ ጄቱ ቀረ። ከፋብሪካ የመጣው 127.5 ነበር። ለስስ አየር ያ ቤንዚን ይበዛል፤ ካንዴላው የሚጠቁረውም ለዚህ ነው። አዲስ አበባ ብቻ የምነዳ ቢሆን 120 ያስገቡልኝ ነበር። ግን ጊቤ ሸለቆ 1,100 ሜትር አካባቢ ነው፤ እዚያ አየሩ ይወፍራል፣ ያው ጄት ቤንዚን ያሳንሳል፣ ሞተሩም ይግላል። ስለዚህ 122.5 አደረጉት። የት ነው የምትነዳት ብለው የጠየቁት ለምን እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ዲስትሪቡተሩም እንዲሁ። 009 ርካሽና ቀላል ነው፤ በአንድ ካርቡራተር ላይ ግን ነዳጅ ስትረግጥ ለቅጽበት ይተኛል። ቫኩም፣ ማለትም በሞተሩ የአየር ስበት እሳቱን የሚያስቀድመው ክፍል፣ ስለሌለው ነው። ያገለገለ የቦሽ ባለ ቫኩም ዲስትሪቡተር ከአንድ ከተፈታች መኪና ላይ አግኝተው፣ አጥበው፣ ፑንቲናውን ቀይረው ሰጡኝ። ከአዲሱ 009 ብዙም የማይበልጥ ዋጋ ነው የጠየቁኝ።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደማመሰግናቸው ነገር ልምጣ። ማቀዝቀዣው። በከተማችን ያሉ ስንቶቹ ቮልሶች የሞተር ላሜራቸው ጎድሏል! ሞተር ሲወርድ አንዱ ላሜራ አልገጥም ይላል፣ መካኒኩ ያለሱም ይሄዳል ብሎ ጥግ ይጥለዋል። ዙሪያውን የሚደፍነው ጎማም አብሮ ይቀራል። ከዚያ ማራገቢያው የሚስበው ከሥር የወጣውን ሙቅ አየር ይሆናል። በድሮዎቹ ላይ የዘይት ማቀዝቀዣው 3ኛውን ሲሊንደር ስለሚከልለው ቀድሞ የሚቃጠለው እሱ ነው። ቮልስ ፋብሪካ ራሱ ከ1971 ሞዴል ጀምሮ ማቀዝቀዣውን ከሲሊንደሩ መንገድ አውጥቶ የራሱ ቤት ሠራለት። ጋሼ ያንን የኋለኛውን ሙሉ ስብስብ፣ ከነላሜራው ከነማራገቢያው፣ ከተለያዩ ቦታዎች ቁራጭ በቁራጭ አሰባሰቡልኝ። የተጣመመውን በመዶሻ አቃንተው፣ ጎማውን በልኩ አስቆርጠው። "ልጄ፣ ያልቀዘቀዘ ሞተር ላይ ጉልበት አይጨመርም" አሉኝ። በዝርዝሬ ላይ ይህ ዕቃ ጭራሽ አልነበረም። ጅማ ደርሼ እንድመለስ ያደረገኝ ግን እሱ ነው።

ማርሚታውን በአንድ መስመር ልለፈው፦ አራት ቱቦ ወደ አንድ የሚገባበት፣ ያገለገለ፣ ጥሩ ነው።

ውጤቱ ይኸው። እንጦጦን በ2ኛ ማርሽ ሳትጨነቅ ትወጣለች። ሚኒሞዋ ረግቷል። ከጊቤ ድልድይ ወደ አበልቲ ስወጣ የዘይቱ መብራት አልበራም፣ ቆሜ ማቀዝቀዝም አላስፈለገኝም። ቤንዚንም ቀንሳለች። የውድድር መኪና አልሆነችም፣ ያንንም ማንም ቃል አልገባልኝም።

ስለ ክፍያ ለምትጠይቁኝ፦ ጋሼ ዕቃው የተገዛበትን ዋጋ ለብቻ፣ የድካማቸውን ለብቻ ይነግሯችኋል። በእጅ የተጻፈ ወረቀት ይሰጣሉ። ያልሆነ ዕቃ ይመልሳሉ። ዋጋ ላይ ብዙ አትከራከሯቸው፣ የሚጠይቁት ተገቢ ነው። ቀስ ይላሉ፣ ይህን ከወዲሁ ልንገራችሁ። ለነገ ዕቃ የሚፈልግ ሰው ወደ እሳቸው ባይሄድ ይሻላል። ስልክም ቶሎ አያነሱም፤ በአካል ከሰዓት በፊት መሄድ ነው።

ስትሄዱ የሞተር ቁጥራችሁን ፎቶ አንሥታችሁ ሂዱ። በኤፍ የሚጀምረው 1300፣ በኤች 1500፣ በኤቢ ባለ ሁለት መግቢያ 1300 ነው፤ ለአንዱ የሚሆነው ፒስተን ለሌላው አይገባም። ሞተሩ ተፈትቶ ከሆነ የሞተሩን አካል ከ3ኛው ሲሊንደር ጀርባ በደንብ አጽድታችሁ እዩት፣ እዚያ መሰንጠቅ የተለመደ ነው። ተሰንጥቆ ከሆነ መጀመሪያ ያንን ንገሯቸው፤ ከዚያ በኋላ ስለ ካም ሻፍት ማውራት ትርጉም የለውም።

ጋሼ፣ ልጅዎ ይህን እንደሚያነብልዎ ነግሮኛል። እግዜር ይስጥልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥዎ። ለእኔ የፈለጉትን ያህል ለአባቴም ቢፈልጉለት ኖሮ ምን ያህል ደስ ይለው እንደነበር አውቃለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። በአሁኑ ሰዓት ጋሼ ለሌላ ደንበኛ ያልተሰነጠቀ ባለ ሁለት መግቢያ የ1300 ቴስታታ፣ የግራውን፣ እየፈለጉ ነው። ጓሮ ውስጥ የተቀመጠ ያላችሁ፣ ወይም የተፈታች ቮልስ የምታውቁ ካላችሁ ፎቶውን ላኩልኝ፣ ዛሬውኑ አደርስላቸዋለሁ።