«ኦሪጅናል ካኔካሎን» የሚባለውን ፀጉር ሳትፈትሹ እንዳትከፍሉ

ቤታችሁ ራሳችሁ ከአርቴፊሻል ፀጉር ድሬድ ሰርታችሁ ማድረግ የምትፈልጉ ልጆች እባካችሁ ይቺን አንብቡልኝ። ፀጉር ቤት የጠሩልኝን ዋጋ ስሰማ በቃ ራሴ እሰራዋለሁ ብዬ ቴሌግራም ላይ ከምትሸጥ ልጅ 8 እሽግ ካኔካሎን አዘዝኩ፣ ፎቶው ያምራል፣ ሙሉውን ቀድመሽ በቴሌብር ላኪ አለችኝ ላክሁላት፣ 4,800 ብር።

ሲመጣ እሽጉ ላይ ካኔካሎን የሚል ጽሁፍ አለ፣ ፀጉሩ ግን ከመጠን በላይ ያብረቀርቃል፣ ስትነኩት እንደ ፌስታል ይንኮሻኮሻል። ካኔካሎን እኮ የአርቴፊሻል ፀጉር ሁሉ ስም አይደለም፣ ካኔካ የሚባል የጃፓን ካምፓኒ የሚያመርተው ፋይበር ነው፣ እኛ ጋ ግን ብዙ ሻጭ ያገኘውን ሁሉ ካኔካሎን ይለዋል። እሽጉ ላይ ስለተጻፈ አትመኑ።

ብሬ ወጥቷልና ሶስት ማታ ቁጭ ብዬ ሰራሁት፣ አንድ አንድ ዘለላ እያነሳሁ ወደ ኋላ እያበጠርኩ እየገመድኩ ፍል ውሃ ውስጥ ነከርኩ። ደህናው ፋይበር በፍል ውሃ ይለሰልስና ሲቀዘቅዝ በተገመደበት ቅርጽ ይቀራል፣ ድሬድ የሚያደርገውም እሱ ነው። የኔ ጠዋት ስነሳ ግማሹ ተፈትቶ ተንጨባሯል።

የተረፈውን ጓደኛዬ አሰረችልኝ፣ በሁለተኛው ቀን ማሳከክ ጀመረኝ፣ እንቅልፍ የለ ምን የለ፣ አንገቴ በሙሉ ሽፍታ ሆነ፣ በሳምንቱ ስናወልቀው ግንባሬ ዳር ያለው ስስ ፀጉር አብሮ ተነቅሎ መጣ። ይሄኛው አጥብቀን ስላሰርነው ነው፣ ሻጯ ላይ አላሳብብም፣ እናንተ ግን ዳር ዳሩን እንዳታጠብቁ። ለሻጯ ስጽፍላት «የኔ ቆንጆ አሰራሩን ስላላወቅሽበት ነው» አለችኝ፣ ቪዲዮ ስልክላት ብሎክ አደረገችኝ።

ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ሁለት ክር ውሰዱና ሰሃን ላይ አድርጋችሁ ክብሪት አስነኩት። ካኔካሎን ይኮማተርና እሳቱን ስታርቁት ይጠፋል፣ የኔ ክብሪቱን ካራቅኩት በኋላም እየነደደ እየቀለጠ ጠብ ጠብ ይላል። ትንሽ ዘለላም ገምዳችሁ ፍል ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ሲቀዘቅዝ እዩት። ደህና ፀጉር ብታገኙም ከመስራታችሁ በፊት ውሃ ውስጥ አቼቶ ጨምራችሁ ዘፍዝፉት፣ ላዩ ላይ የተቀባው ነገር ነጭ ሆኖ ይወጣል፣ ብዙ ጊዜ የሚያሳክከው እሱ ነው፣ ከዛ አለቅልቃችሁ በደንብ ይድረቅ።

ቀድማችሁ ላኩ የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ደሊቨሪው በር ላይ ሲደርስ አይቼ ነው የምከፍለው በሉ፣ እምቢ ካለ ተዉት። እኔ ጋ ያልተከፈተ 2 እሽግ ቀርቷል፣ ገዝታችሁ የተጠራጠራችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ፣ ክሩን ልስጣችሁና ከናንተው ጋ አስተያዩት።