ደሴና ኮምቦልቻ ላይ የተጠቀምኩባቸው ባንኮችና የስልክ ክፍያዎች፦ ምስጢር ቁጥሬን ማን ጠየቀኝ?

ሜሪላንድ ያሉ ጓደኞቼ ወደ አገር ቤት ሊመጡ ሲሉ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «ብሩን እንዴት ልያዝ?» ብለው ነው። ዘንድሮ ወሎ ገብቼ ከደሴ እስከ ሐይቅ፣ ከሐይቅ እስከ ኮምቦልቻ ስመላለስ የተጠቀምኩባቸውን አገልግሎቶች በአንድ መመዘኛ ብቻ አይቼ ልንገራችሁ። ምስጢር ቁጥሬን ለማንም ሳልናገር፣ ስልኬንም ለማንም ሳላስይዝ ጉዳዬ አልቋል ወይስ አላለቀም? ወረፋው፣ ፈገግታው፣ የወንበሩ ምቾት ከዚያ በኋላ ይምጣ።

መጀመሪያ ደስ ያለኝን ልናገር። ጥሬ ብር በጣም ቀንሷል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ሲጀመር «ይሄ ደግሞ ለአዲስ አበባ ነው» ያሉኝ ዘመዶቼ ዛሬ የጎመን ሂሳብ ሳይቀር በእሱ ነው የሚከፍሉት። ከፒያሳ ወደ ሰኞ ገበያ የወሰደኝ ባለባጃጅ ስልክ ቁጥሩን በካርቶን ጽፎ ከመስታወቱ በላይ ለጥፎታል፤ ወርደሽ ትከፍያለሽ፣ ስልኩ ጢን ይላል፣ በቃ። ኢንተርኔት ባይኖርም አይቸገሩም። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ለብዙ ወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ ሰው ሁሉ ለቴሌብር ኮከብ 127 መሰላል (*127#)፣ ለንግድ ባንክ ኮከብ 889 መሰላል እየመታ ነው የኖረው። አሁንም መተግበሪያ ከሚከፍተው ኮከብና መሰላል የሚመታው ይበዛል። እኔ ያለሁበት አሜሪካ ካለው አንዳንድ ባንክ በፍጥነት ይበልጣሉ ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ችግሩ የሚጀምረው ቅርንጫፉ ውስጥ ነው። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ያለ አንድ የግል ባንክ (ስሙ ይቅር) ሂሳብ ልከፍት ገባሁ። ቢጫ ካርዴን (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያዬን)፣ ፎቶዬን፣ ፓስፖርቴን ተቀበሉ፤ ጨዋታቸው የወሎ ነው፣ ቡና ሁሉ ሊያስመጡልኝ ነበር። ከዚያ ልጁ እጁን ዘርግቶ «ስልክሽን ስጪኝ እኔ ላስተካክልልሽ» አለኝ። መተግበሪያውን ሊያወርድልኝ መስሎኝ ነበር። «ምን ቁጥር ላድርግልሽ?» ሲለኝ ገባኝ፤ ምስጢር ቁጥሩን እሱ ሊመታልኝ ነው። ራሴ እንደምሞላው ስነግረው አልተቀየመም፣ ግን ግራ ገባው። ከአጠገቤ የተቀመጡት ነጭ ጥምጥም ያደረጉ አባት ስልካቸውን ሰጥተው «ያንኑ የዱሮውን አድርግልኝ ልጄ» አሉት። ልጁ ሳይጠይቅ አራት ቁጥር መታ። የዱሮውን በቃሉ ያውቀዋል ማለት ነው! ከኋላ ወረፋ የያዝነውም ልናውቀው ምንም አልቀረንም።

ልጁን ሌባ እያልኩ አይደለም። ቀኑን ሙሉ ማንበብ የሚቸግራቸውን ሰዎች ሲረዳ የሚውል ደግ ልጅ ነው። ግን ነገ ከእኚያ አባት ሂሳብ ብር ቢጎድል መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ ነው፣ ራሱን የሚያድንበትም ማስረጃ የለውም። ከጀርባው ግድግዳ ላይ ደግሞ «የምስጢር ቁጥርዎን ለማንም አይስጡ» የሚል ትልቅ ማስታወቂያ ተለጥፏል። ለማንም ሲል ለባንኩ ሠራተኛም ጭምር እንደሆነ ለደንበኛው የሚነግር የለም። ኮምቦልቻ በሌላ ባንክ ያስተናገደችኝ ልጅ ቁጥሩ ላይ ስንደርስ ስልኩን ወደ እኔ ገፋ አድርጋ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ሰከንድ እንኳ አልወሰደባትም። ለእሷ ሙሉ ነጥብ።

ሐይቅ ያለችው አክስቴ ዘንድ ደግሞ ሌላውን ጎን አየሁ። ቡናው ቶና ላይ ደርሶ ስልኳ ጮኸ። ድምፁን ከፍ አድርጋ ነው የምታወራው፣ ስለዚህ ሁላችንም ሰማን። «እማማ፣ ከባንክ ነው። ሂሳብዎ ከፋይዳ መታወቂያ ጋር ስላልተያያዘ ዛሬ ሊዘጋ ነው። አሁን በመልእክት ስድስት ቁጥር ይደርስዎታል፣ ያንብቡልኝ።» አነጋገሩ የተማረ ነው፤ የአክስቴን ሙሉ ስም ከነአያቷ ጠራ። አክስቴ ምን ብትለው ጥሩ ነው? «ወላሂ ልጄ ማንበብ አልችልም፤ ማታ ልጄ ሲመጣ ደውል፣ እሱ ያነብልሃል። አላህ ይስጥህ።» መርቃ ዘጋችው። ብሯን ያዳነላት ፊደል አለመቁጠሯ ነው።

ስልኩን ተቀብዬ ሳየው የደወለው በተራ የሞባይል ቁጥር ነው፤ የመጣው ስድስት አሃዝ ግን ከእውነተኛው ባንክ የተላከ ነው። ተንኮሉ እዚህ ላይ ነው። ሌባው በሌላ ስልክ ላይ የአክስቴ ሂሳብ ውስጥ ሊገባ ይሞክራል፣ ባንኩ ደግሞ በደንቡ መሠረት ማረጋገጫውን ለባለቤቷ ይልካል። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ባለቤቷ እንድታነብለት። ፋይዳን ምክንያት ማድረጉም በዘፈቀደ አይደለም። ባንኮች እውነትም ደንበኞቻቸውን በፋይዳ እያስመዘገቡ ስለሆነ ሰው «ይዘጋብኝ ይሆን» ብሎ ይደነግጣል። «ታዲያ ለምን ወዲያው አልዘጋሽበትም?» ብላት አክስቴ ተቆጣችኝ። «ሰው አክብሮ እማማ ብሎ ደውሎ ፊቱ ላይ ይዘጋል? አሜሪካ እንዲህ ነው የተማርሽው?» የወሎ ሰው ነገር! አጭበርባሪው የሚሠራው በዚህ ይሉኝታ ነው። እኔም ለዘመዶቼ «ክፉ ሁኑ» አላልኩም፤ «ቅርንጫፍ እመጣለሁ ልጄ» ብላችሁ መርቃችሁ ዝጉ አልኳቸው። ይሄን ተቀበሉት። ከፈለጉ ለንግድ ባንክ በ951፣ ለቴሌብርም በደንበኛ አገልግሎት ቁጥሩ ራሳቸው መልሰው ይደውሉ።

ሰፈሩ ውስጥ የሚወራው ሌላው ዘዴ «በስህተት ብር ልኬልሻለሁ፣ እባክሽ መልሺልኝ» የሚለው ነው። ብር እንደገባ የሚናገር መልእክት ይደርስሻል፣ ከኋላው የሚያለቅስ ሰው ይደውላል። የቴሌብር መልእክት የሚመጣው ከ127 ነው፤ ይሄኛው ግን ከግለሰብ ስልክ የተጻፈ ሆኖ ይገኛል። መልእክቱን ትቶ ቀሪ ሂሳብን ማየት ነው። ከዚህ የሚብሰው «ኮከብ 21 ኮከብ ብለሽ ይሄን ቁጥር ምቺ» የሚለው ነው። ያ ኮድ ጥሪሽን በሙሉ ወደ ሌባው ስልክ ያዞራል፤ በድምፅ የሚነገር ማረጋገጫ ካለ እሱ ጆሮ ይገባል። የተጠራጠረ ሰው መሰላል መሰላል 002 መሰላል ብሎ ቢመታ የተዞረው ሁሉ ይሰረዛል። ይሄን ለባለባጃጁም፣ ለአስተናጋጁም፣ ላገኘሁት ሁሉ ሳሳይ ሰነበትኩ።

ወደ ግምገማዬ ልመለስ። ሐይቅ ዳር ዓሣ የበላንበት ቤት ምግቡ የሚመሰገን ነው፣ አከፋፈሉ ግን አላማረኝም። ኔትወርክ ሲጠፋ አስተናጋጁ ስልኬን ተቀብሎ የከፈልኩበትን ገጽ በራሱ ስልክ ፎቶ አነሳው። ሙሉ ስሜ፣ የሂሳብ ቁጥሬ፣ የላክሁት ብር መጠን አንድ ላይ። ስም ከነአያት ጠርተው የሚደውሉት ሰዎች መረጃውን ከየት ያገኙታል ብላችሁ የምትደነቁ ካላችሁ፣ እንዲህ ዓይነቱም አንድ በር ነው። ለሱቁም ቢሆን አይጠቅመው፤ የክፍያ ደረሰኝ በፎቶ ማቀናበሪያ አስመስሎ መሥራት ልጆች የሚችሉት ነገር ሆኗል። ኮምቦልቻ ጨርቅ የገዛሁባት ባለሱቅ ያንን በደንብ ታውቃለች። ስክሪኔን ላሳያት ስል እጇን አወናጨፈች፤ «ተይው እቴ፣ የኔ ስልክ ሲጮህ ነው የማምነው።» መልእክቱ እስኪገባላት ጨርቁን ከመደርደሪያው አላነሳችውም። አምስት ኮከብ!

ደሴ ላይ ሰው ስለ ባንክ ደኅንነት ሲያወራ ሁሌ የሚያነሳው የመጋቢት 2016ቱን ነገር ነው። ያኔ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተበላሽቶ ሰው ሂሳቡ ውስጥ ካለው በላይ ሲያወጣና ሲያስተላልፍ አደረ። ባንኩ የሳይበር ጥቃት እንዳልነበረ ተናገረ፣ ያለአግባብ የወጣው ወደ 801 ሚሊዮን ብር እንደሆነም ገለጸ፣ ያልመለሱትን ስማቸውንና ፎቷቸውን አወጣ። ብዙ ሰው ከዚህ «ማሽን አይታመንም» የሚል ትምህርት ወስዷል። እኔ የተገላቢጦሽ ነው የማየው። ማሽኑ ሲሳሳት ማን ስንት እንደወሰደ ተመዝግቦ ይቀራል። ባለቤቱ በራሱ ምስጢር ቁጥር ያስተላለፈው ብር ግን ሌባው በደቂቃ ውስጥ ከወኪል ጥሬውን አውጥቶ ይሄዳል። በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ወንጀለኛው ይከሰሳል፤ ብሩ የሚድነው ግን ተቀባዩ ሂሳብ ቶሎ ከታገደ ብቻ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ለባንኩ ደውሎ ማሳገድ፣ ፖሊስ ጣቢያ ከዚያ በኋላ።

አሜሪካ ያለነውም ብዙ አንኩራ። በዴቢት ካርድ ሳናውቅ ብር ቢወሰድብን በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ ካመለከትን ኪሳራችን ከ50 ዶላር እንዳያልፍ የፌዴራል ሕግ ይከለክላል፣ ከዘገየን 500 ዶላር፣ በጣም ከዘገየንም ከዚያ በላይ ሊደርስ ይችላል። በዜል (በአሜሪካ ባንኮች የስልክ ገንዘብ መላኪያ) ተታልለን በገዛ እጃችን ከላክነው ግን አብዛኛውን ጊዜ እኛም የአክስቴ ጎረቤቶች ነን።

ለዲያስፖራ ከሁሉ በላይ ማለት የምፈልገው ስለ ሲም ካርድ ነው፤ ስለዚህ ነገር ባንክ ውስጥ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ሂሳባችሁን ያያዛችሁት በአገር ቤት ቁጥር ነው። ስትሄዱ ሲሙን መሳቢያ ውስጥ ትጥሉታላችሁ ወይም ለአጎት ልጅ ትሰጣላችሁ። ለረጅም ጊዜ ያልሠራ ቁጥር ይዘጋል፣ ውሎ አድሮም ለሌላ ሰው ይሸጣል። የባንካችሁ ማረጋገጫ ለዚያ ለማታውቁት ሰው ይደርሳል ማለት ነው። ደሴ ቴሌ ሄጄ ቁጥሬን በራሴ ስም አስመዘገብኩ፤ ወረፋው እስከ በሩ ነበር፣ አሠራሩ ግን ጥብቅ ነው፣ መታወቂያዬን ሁለት ሰው ተቀባብሎ አየው፣ ደስ አለኝ። ከዚያ ባንኩ ውስጥ የማስተላለፊያ ጣሪያዬን ዝቅ አስደረግኩ። ሲሙ ላይ መክፈቻ ቁጥር አድርጌ ይዤው ሄድኩ፤ ለማንም አልተውኩም። አክስቴ ተቀይማኛለች፣ ይለፋት።

ኤቲኤሞቹ ደህና ናቸው። ኢትስዊች ባንኮቹን ስላገናኛቸው በአንዱ ካርድ ከሌላው ማውጣት ይቻላል፣ የውጭ ቪዛ ካርዴም ደሴ ላይ ሠርቷል። አንዱ ጋ ዘበኛው «ልርዳሽ?» ብሎ ተጠግቶኝ ነበር፤ አመስግኜው ቁጥሩን በእጄ ከልዬ መታሁ። መብራት ሲጠፋ ማሽኑም አብሮ ይጠፋል፣ በተለይ እሑድ ከሰዓት። ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ለመሄድ የሀረጎን ቁልቁለት ከመውረዳችሁ በፊት ለታክሲና ለሻይ የሚሆን ጥሬ ብር ያዙ፤ እኔን የወሰደኝ ሾፌር ስልኩ ባትሪ ጨርሶ ነበር።